ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ የተረተው ሰው ሽሮ ሜዳን አያውቃትም። ተረቱ በዕድሜ ገበያዋን ሳይበልጣት አይቀርምና። ሽሮ ሜዳ ግን ተረቱን አሳምራ ታውቀዋለች። ከገና ማግሥት እስከ ከተራ ዋዜማ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣውን መንገድ ያየ ሰው፣ አንዲት ተረት ይህን ሁሉ ሕዝብ ከቤቱ ነቅላ ማውጣቷ ሳይደንቀው አይቀርም። እናት ከነልጆቿ፣ እጮኛሞች፣ ሚዜዎች፣ ከውጭ አገር ለበዓል የመጣ ዘመድና እሱን እየመራ የሚያዞር የአክስት ልጅ፣ ዋጋ ሲጠራ ፊቱን ወደ ተራራው የሚያዞር አባወራ... ሁሉም እግሩ እየተደናቀፈ፣ ዓይኑ ግን ከመስኮት መስኮት እየዘለለ ይሄዳል።

ፊቱን ወደ ተራራው ከሚያዞሩት አባወራዎች አንዱ እኔ ነኝ።

እኛ የየካ ሰዎች ነን። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለፈረንሳይ መንግሥት ከተሰጠው ሰፊ ቦታ ስሙን ወርሶ የቀረ፣ ነዋሪው ባጭሩ «ፈረንሳይ» እያለ የሚጠራው ሰፈር። (ከክፍለ ሀገር የደወለልኝ አንድ የሩቅ ዘመድ «የት ነው የምትኖረው?» ቢለኝ «ፈረንሳይ» ብዬው፣ የስልኩን ሒሳብ ፈርቶ ቶሎ እንደዘጋብኝ አስታውሳለሁ።) አባቴ በሕይወት ሳለ ያስለመደን አንድ ነገር አለ። ጥምቀት ሲቃረብ፣ ከበዓሉ በፊት ባለችው ቅዳሜ፣ መላው ቤተሰብ ለባብሶ ከፈረንሳይ ይነሣል፤ በጃንሜዳ አጥር ሥር ያልፋል፤ ስድስት ኪሎ ላይ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ሽቅብ ሽሮ ሜዳ ድረስ በእግሩ ይወጣል። ታክሲ ጠፍቶ አልነበረም። አባቴ ለልብስ የሚሄድ ሰው ልብሱን ከመግዛቱ በፊት መንገዱን ማየት አለበት ይል ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ብጠይቀው የሚመልስልኝ አይደለም።

አዲስ አበቤ «ሽርሽር» ሲል ድሮ በሐሳቡ የሚመጣለት ፒያሳ ነበር። ኬክና ማኪያቶ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ የወርቅ ቤቶቹ መስታወት፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሳይገዙ ማየት፣ ማየትም ብቻ ሳይሆን መታየት። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፊሉ ፈርሶ መልኩ ተለውጧል፤ የዛሬ ልጆች ሽርሽር ሲሏቸው ቦሌን ወይም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦን ፓርክ ነው የሚያስቡት። የኛ ቤት ሽርሽር ግን ከሁለቱም አይደለም። በክፍለ ከተማ አከፋፈል ሽሮ ሜዳ የጉለሌ ነች፤ እኛ ግን እንደ ጓሯችን ነው የምናያት። እናቴ የተወለደችው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ከእንጦጦ ሥር ነው። ወደ ፈረንሳይ የመጣችው አባቴን አግብታ ነው። እንግዲህ ለኛ ሽርሽር የሆነው ነገር ለእሷ ወደ እናት ቤት መመለስ ነው ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት ግን ባለፈው ጥር ነው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬያት ከሄድኩ በኋላ!

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሆነን ወጣን። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ ግማሹን መንገድ በትከሻዬ ላይ የሚጨርሰው ታናሽ ወንድሟና እኔ። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት ሆኗታል። «እማዬ፣ ዘንድሮስ በታክሲ እንሂድ» አልኳት። መልስ እንኳ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን አጣፋ፣ በእጇ አንድ የተቋጠረ ከረጢት ይዛ ከበሩ ቆማ ትጠብቀናለች። ከረጢቱን ልቀበላት እጄን ብሰድ ወደ ኋላ ሸሸገችው።

«ቀላል ነው» አለች።

ጃንሜዳ ለጥምቀት እየተሰናዳ ነበር። ሜዳው ስሙን ያገኘው ከጃንሆይ ነው። የፈረስ ጉግስ፣ የሠራዊት ሰልፍ፣ ኳስ፣ ሩጫ ያላየው ነገር የለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ የአትክልት ተራ ገበያ መጨናነቁን ለመቀነስ ተብሎ ወደዚሁ ተዛውሮ ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲሙ ታቦታት በሚያድሩበት ሜዳ ላይ ሰነበተ። ለ2013ቱ ጥምቀት ገበያው ተነሥቶ፣ ሜዳው ተጠርጎ፣ በዓሉ በቦታው ተከበረ። እነሆ፣ በዚያው በ2012 ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ በሰፈረበት ዓመት ነው ሜዳው የድንች ተራ የሆነው። ልጄ ይህን ስነግራት «ታዲያ ታቦቱ ሽንኩርት አይሸተውም?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። «እግዜር ከሽንኩርት ጋር ጠብ የለውም» አለቻት።

ስድስት ኪሎ ላይ እንደ ልማዳችን ሻይ ጠጣን። ከፊታችን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፣ ከዚያ ወዲያ በአንድ ወቅት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ዩኒቨርሲቲ። እናቴ ከረጢቷን ከጠረጴዛው ሥር አላስቀመጠችውም፤ ጭኗ ላይ ነበር። ልጄ መታገሥ አቃታት።

«እቴቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?»

እናቴ ቋጠሮውን ፈታችው። ውስጡ ልቃቂት ነበር። አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደረ፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ የተፈተለ ጥጥ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጉልበቷ ካስቀመጣት ጀምሮ፣ ከሾላ ገበያ በምታስገዛው ባዘቶ ስትፈትል እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን እጅ መፍቻ ነው ብለን ነበር የተውነው። አሁን ያለው የከተማ ልጅ ይህን ሥራ በሥዕል እንኳ ስለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። ጥጥ ከፍሬው በመዳመጫ ይለያል። ከዚያ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ፣ አመልማሎው በእንዝርት እየተሾረ ፈትል፣ ፈትሉ እንዝርቱ ላይ ሲጠራቀም ልቃቂት። ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነበር። ወንዱ ሸማኔ ከዚህ በኋላ ነው የሚገባው። በእናቴ ልጅነት ነጠላ «ይገዛል» ከማለት «ይሠራል» ማለት ይቀናቸው ነበር። ሴቲቱ ፈትሏን ታደርሳለች፣ ለሸማኔው ትሰጣለች፣ ሸማኔው የእጁን ዋጋ ይቀበላል፣ ልብሱ ከነባለቤቱ ይታወቃል።

«ለሷ ቀሚስ ላሠራላት ነው» አለች እናቴ ልጄን በአገጯ እያሳየችኝ። «ከተረፈ ለኔ ነጠላ።»

ባለቤቴ አየችኝ። ጥምቀት ሊደርስ የቀሩት ቀናት በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከስድስት ኪሎ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝና ስለ መንገዱ ጥቂት ልበል፤ አባቴ ልብስ ከመግዛት በፊት እንይ ያለን እሱን ነውና።

ዛሬ ከተማው ከታች ነው፤ እንጦጦ ዳር ነው። ያን ጊዜ ግን እንጦጦ ነበር ከተማው፤ ታቹ ሜዳ። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተራራው ላይ ከተሙ። ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ሦስት ሺህ ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የሚኖር ቤተ መንግሥት ጠላትን ከሩቅ ያያል፤ ብርዱ፣ ንፋሱ፣ የውሃና የእንጨት ችግሩ ግን ከጠላት አይተናነስም። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. ከዚያው አካባቢ ቤት ተሠራላቸው፤ ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እልፍኙም፣ ሠራዊቱም፣ ባለሟሉም፣ ጠላ ጠማቂውም፣ ገበያተኛውም ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ። ንጉሥ ሲወርድ ገበያ ተከትሎት ይወርዳል። ሽሮ ሜዳ ከዚህ ቁልቁለት አፍ ላይ ነች። ተራራው ላይ የቀሩት አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው፤ ማርያምና ራጉኤል።

ወርደውም የእንጨቱ ችግር አለቀቃቸውም። የአዲሱ ከተማ ምድጃ በዙሪያው ያለውን ጫካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራርጎ በላው። ነገሥታቱ በድሮው ልማድ ድንኳን ነቅለው ሊሄዱ አሰቡ፤ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ባዶውን እንጦጦ አለበሰው። ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል። ምሁራን ውሃ ይመጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም እያሉ ይወቅሱታል፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ይህች ከተማ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ እንጀራዋን የጋገረችው በዚያ ዛፍ ቅጠል ነው።

ቅጠሉ ግን በራሱ ጊዜ ተንከባልሎ ከምጣዱ ሥር አልገባም።

የአሜሪካን ኤምባሲ አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን እናቴ ቆመች። ጉልበቷ መስሎኝ ደግፌ ልይዛት ተጠጋሁ። ከመንገዱ ጠርዝ አንዲት ዝቅ ያለች የድንጋይ ካብ አለች፤ በየዓመቱ ሳላያት የማልፋት። እናቴ እጇን በካቡ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ነበር የምናሳርፈው» አለች።

«ምኑን?»

«ሸክሙን።»

አያቴ እንጨት ትሸጥ እንደነበር አላውቅም ነበር። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችው አያቴ ነጭ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች፣ በፎቶግራፍ ቤት መጋረጃ ፊት የቆመች ሴት ነች። እናቴ ያን ቀን ካቡን ተደግፋ የነገረችኝ ሌላዋን ሴት ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ ትነሣለች። ዘበኛው ሳያያት ጭራሮና ቅጠል ትለቅማለች። ከያዛት እንጨቱን ይወስድባታል፤ አንዳንዱ ገመዷንም ይቀማታል፤ ገመድ ደግሞ ገንዘብ ነው። ካልያዛት ጎንበስ ብላ ራሷን የሚያህል፣ ከኋላ ሲያዩት እግር ያወጣ ጫካ የሚመስል እስር ተሸክማ ቁልቁል ትወርዳለች። የዘጠኝ ዓመቷ እናቴ ትንሿን እስር ይዛ ከኋላዋ። ካቡ ቁመቱ ልክ ነው፤ እስሩን ሳይፈቱ፣ ሳይቀመጡ፣ ጀርባቸውን አስጠግተው ክብደቱን ድንጋዩ ላይ ያሳርፉታል። ከተቀመጡ የሚያነሣቸው ሰው ይፈልጋሉ።

«ሱቆቹንስ ታዩ ነበር?» አለቻት ልጄ።

«ጎንብሶ የሚሄድ ሰው ምን ያያል? የሰው ጫማ ነው የምናየው።»

እንዲህ ያሉ ሴቶች በእንጦጦ መንገድ ላይ አያቴ ከሞተች በኋላም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይታዩ ነበር። እኔም በልጅነቴ አይቻቸዋለሁ። እኛ ለብሰን ሽቅብ ስንወጣ እነሱ ቁልቁል ሲመጡ መንገድ እንለቅላቸዋለን፤ አባቴ ቆቡን ያነሣላቸው ነበር። እናቴ ደግሞ ፊቷን ወደ ሱቆቹ ታዞራለች። ኮርታ ይመስለኝ ነበር። በ1980ዎቹ ውስጥ ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ሸክሙን ጥለው የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር መሥርተው፣ የወንድ ሥራ ተብሎ በኖረው የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጠው የአንገት ልብስ መሸመን ጀመሩ። ጎብኚዎች ይገዟቸዋል። እናቴ ከመካከላቸው የምታውቃት ሴት እንዳለች ነገረችኝ። ይህንንም አላውቅም ነበር።

ልጄ ካቡን በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ገባን።

ይህን መንገድ ለማያውቅ እንዴት ብዬ ልግለጸው? ሁለቱም ዳር ነጭ ነው። ከጣሪያ እስከ ደረጃ የተሰቀለ ቀሚስ፣ ጥለቱ በንፋስ የሚርገበገብ ነጠላ፣ እንደ ጡብ የተደረደረ ጋቢ፣ ቡሉኮ፣ ጃኖ፣ ለሕፃን የምትሆን የእጅ መዳፍ የምታህል ሸሚዝ። ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች ሙሽራ መስለው በር ላይ ቆመዋል። «እናት ግቡ!» «የኔ ቆንጆ፣ ለኪው፣ መለካት በነፃ ነው!» «አባት፣ የማይከፈልበት ዓይን አለዎት፣ ይዩ!» ሸንኮራ ተሸካሚው በመሐል ይሾልካል። ቡናው ይሸታል። ሕፃኑ በትከሻዬ ላይ ሆኖ የእያንዳንዱን ሱቅ ጥለት በእጁ ለመያዝ ይሞክራል። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ልጄ የፈለገችውን ያገኘችው በአራተኛው ሱቅ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ጎርፎ የወረደበት ሽፎን ቀሚስ፤ ደረቱ ላይ እስከ እግሩ የሚወርድ መስቀል ያለው፣ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ። ጥለቱ ግን አልተሸመነም፤ አልተጠለፈምም። ታትሞ ነው። ከሩቅ አገር ፋብሪካ በጥቅል መጥቶ እዚህ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ዋጋው በእጅ ከተሠራው አጠገብ ሲቆም ሩቡን አያክልም።

እናቴ ለባለሱቋ ከረጢቷን ፈትታ አሳየቻት። ልጅቷ ጨዋ ነች፤ አልሳቀችም። «እማማ፣ እኛ ፈትል አንቀበልም። የተሠራ ነው የምንሸጠው» አለች። በሁለተኛው ሱቅም እንዲሁ። በሦስተኛው ሱቅ ያለው ጎልማሳ ልቃቂቱን አገላብጦ አይቶ «ኧረ ይሄ ድሮ ቀረ» ብሎ መለሰላት። በአራተኛው እናቴ ከረጢቱን አልፈታችውም። የተቋጠረውን ይዛ ከደጅ ቆመች። እኔ ፊቴን ወደ ተራራው አዞርኩ። በዚያች ሰዓት ዋጋ አልነበረም የፈራሁት።

ነገሩን ሳስበው ባለሱቆቹን መውቀስ አይገባም። እነሱ ነጋዴ ናቸው፤ ሸማኔው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ከተለያዩ ቆይተዋል። በመንገዱ ፊት ለፊት ያለው መስታወት ነው። ሸማኔው ከኋላ፣ ከጉራንጉሩ ውስጥ ነው። ሽሮ ሜዳን የአልባሳት ሰፈር ያደረጓት ደግሞ ከደቡብ፣ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ጋሞ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ አዲሱ ከተማ መጡ፤ ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ፤ ልጅ ከአባቱ፣ የእኅት ልጅ ከአጎቱ እየተማረ ሙያው ተራባ። ከተማው ልብሱን ይወዳል። ልብሱን የሠራውን ሰው ግን አልወደደውም። «ቁጢት በጣሽ» የሚል ስድብ ነበረን፤ የሸማኔ ስም ነው። በበዓል ቀን የምንደምቅበትን ጥበብ ላወጣልን ሰው የሰጠነው የክብር ስም!

ዐፄ ምኒልክ ይህን ነውር ለማስቀረት በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አወጡ። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ጸሐፊውን በሙያው የሚሰድበው ሰው አገርን ከሥራ የሚያወጣ ነው፤ ከእንግዲህ የተሳደበ ይቀጣል አሉ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ፤ በኔ ትምህርት ቤት እንኳ ሰምቼዋለሁ፤ አዋጅ ከአፍ ቀድሞ አይሮጥም። በደርግ ዘመን ሸማኔዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው «ጓድ» ተባሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የገበያው እጅ መጣ። ልብሱ በተፈለገ ቁጥር እጅ ያስፈልጋልና፣ ትምህርት ቤት እናስገባችኋለን እየተባሉ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሕፃናት ከፊደል ይልቅ መወርወሪያ ጨብጠው ከንጋት እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ የቀሩበት ጊዜ ነበር። ይህን የጻፉ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልደግመውም። ብቻ በጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ያ ሁሉ ነጭ ሲንቀሳቀስ ሳይ፣ ንጣቱ ከየት እንደመጣ የማስብበት ጊዜ አለ።

ታዲያ የፋብሪካው ጨርቅ መምጣቱ ምን ይባላል? ባህላችን ጠፋ ብሎ ማልቀስ ቀላል ነው፤ እኔም ለማልቀስ እየተዘጋጀሁ ነበር። ባለቤቴ ግን ከጎኔ ሆና በሹክሹክታ «የቤት ሠራተኛዋ ልጅም እኮ ለጥምቀት ቀሚስ ያስፈልጋታል» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእጅ የተሠራው ቀሚስ ለብዙ እናቶች የማይደረስበት ሆኗል፤ የታተመው ግን ጥምቀትን ለሁሉም ከፍቷል። ሸማኔውን የጎዳውም እሱው ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የትኛው ይብሳል ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ እኔ አሁንም ከሸማኔው ጋር ነኝ። የባለቤቴን ዓይን ግን ቀና ብዬ ማየት አልችልም።

ሰማያዊውን ቀሚስ ገዛን። ልጄ እናቴን አላየቻትም፤ ሕፃን ብትሆንም ገብቷታል።

ወደ ጉራንጉሩ የመራችን አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ነች። ከዋናው መንገድ ጥቂት ርምጃ እንደገባን ጩኸቱ ጠፋና ሌላ ድምፅ መጣ። ኳ፣ ቀጭ። ኳ፣ ቀጭ። ከየቆርቆሮው ግድግዳ ውስጥ ይሰማል። አንድ በሩ ክፍት የሆነ ክፍል ውስጥ ዕድሜው ከኔ ጋር የሚቀራረብ ሰው ከወገቡ በታች በጉድጓዱ ገብቶ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከዳር ዳር ይወረውራል። ሲያየን አቆመ።

«እማማ፣ ይግቡ። ሱቁ ከፊት ነው እንጂ...»

እናቴ ምንም ሳትል ከረጢቱን ሰጠችው። ሰውየው እጁን በሱሪው ጠረገ። አንድ ልቃቂት አነሣ፣ ጫፉን ፈልጎ ሳበው፣ በሁለት ጣቶቹ መሐል አሳለፈው፣ ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋው። ሌላ አነሣ። እንደገና ሌላ።

«ማን ነው የፈተለው?»

«እኔ ነኛ።»

«እርስዎ?» ቀና ብሎ አያት። «ይሄ'ኮ የጥንት እጅ ነው። እናቴ እንዲህ ትፈትል ነበር፤ ዶርዜ።»

ከዚያ ሁለቱ እኛን ረሱን። ስለ ባዘቶ አወሩ። የሾላው ይሻላል ወይስ የመርካቶው? እናቴ የመርካቶው ፍሬ ይበዛበታል አለች፤ እሱ አልተስማማም። ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር መሆኑን፣ በእጅ የተፈተለው ለማግ ብቻ እንደሚገባ ነገራት። እናቴ ቅር አላት። «ሁለቱም የኔ ቢሆንስ?» አለች። «ድሩ አይችልም እማማ፣ ስንመታው ይበጠሳል፤ ዕድሜው ለኔም ለእርስዎም አይሆንም። ማጉ ግን የእርስዎ ነው። ገላ የሚነካው ማጉ ነው» አላት። ይህን ሲላት ፊቷ ተፈታ። የጥለቱን ቀለም ልጄ ትምረጥ ተባለ። ልጄ ከክሮቹ መሐል ሰማያዊውን አነሣች፤ የሽፎኑን ዓይነት ሰማያዊ።

«ታዲያ ለጥምቀት ይደርሳል?» አለች እናቴ።

ሰውየው ሳቀ። «ጥምቀት'ኮ ደረሰ እማማ! እጄ ላይ የሰው ሥራ አለ። ለሁዳዴ መያዣ ይምጡ።»

«ለጥምቀት ካልሆነማ ይበጣጠስ!» አለች እናቴ፣ እሷም እየሳቀች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ዋጋ ሲነጋገሩ ወጥቼ ከደጅ ቆምኩ። ቀብድ የከፈለችው ራሷ ነች፤ ከነጠላዋ ጫፍ ከቋጠረችው ገንዘብ። ልክፈል ብላት ክብሯን እንደነካሁባት አየችኝ።

ስንመለስ መንገዱ ቁልቁል ነው። እናቴ ባዶውን ከረጢት አራት ላይ አጣጥፋ በጉያዋ ይዛዋለች። ሰዉ አሁንም ሽቅብ ይመጣል፤ እኛ በዳር በዳር እንወርዳለን። ከካቧ ስንደርስ እናቴ «ጥቂት ልረፍ» አለችና ተቀመጠች። ከአያቴ ጋር በነበረችበት ዘመን ያልተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ። ልጄ ከጎኗ ተቀመጠች። የገዛንላትን ቀሚስ የያዘውን ፌስታል ካቡ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ነገሩ ያላማራት ይመስል መልሳ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«እስቲ አሳዪኝ» አለቻት እናቴ።

ልጄ ቀሚሱን አወጣችላት። እናቴ ጫፉን በሁለት ጣቶቿ መሐል ይዛ፣ ሸማኔው ልቃቂቷን ባየበት ዓይነት፣ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው።

«ቀለሙ ደስ ይላል» አለች።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ ታክሲ ያዝን። ከረዳቱ ጎን ያለው ወንበር ለእናቴ ተለቀቀላት።